ቻርጀሩ አረንጓዴ ያበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም

ባለእንጀራዋ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለዘጠኝ ምግብ ቤቶችና ለሁለት ሱቆች አደርሳለሁ። በፊት በባጃጅ ነበር የምልከው። የባጃጁ ሒሳብ ትርፌን እየበላው ሲሄድ፣ የዛሬ ዓመት ተኩል ዕቁብ ሲደርሰኝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛሁ። ከኋላው ክዳን ያለው ሣጥን አሠርቼበት በአንድ ጉዞ ሰማንያ እንጀራ እጭናለሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ከተማውን ዳር እስከ ዳር አዳርሼ ስመለስ እንኳ ግማሽ ያህል ይቀረው ነበር።

ባትሪው ባለ 48 ቮልት፣ ባለ 15 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ነው። ከኋላ መጫኛው ሥር ተንሸራቶ ይገባና በቁልፍ ይቆለፋል። ቻርጀሩ አብሮት የመጣው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ሲወርድ ዋለ። የሐምሌን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እኔም ብስክሌቱም ርሰን ገባን። ማታ እንደ ወትሮው ባትሪውን ሰክቼ ተኛሁ። ለጋገራ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስነሣ የቻርጀሩ መብራት አረንጓዴ ሆኗል። ሞላልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ባትሪውን መልሼ ቁልፉን ስከፍት ግን ከአምስቱ የመለኪያ መብራቶች ሁለቱ ብቻ በሩ፤ ማታ እንደተውኩት ነው። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ወትሮ መጀመሪያ ቀይ ያበራል፣ የቻርጀሩ ማራገቢያም ይጮኻል። አሁን ገና ስሰካው አረንጓዴ ነው፣ ድምፅም የለውም።

ሌላ ሶኬት ሞከርኩ። ጎረቤት ቤት ወስጄ ሞከርኩ። የባትሪውን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። ያው ነው። ባትሪው አላበጠም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። ብስክሌቱ በቀረው ጉልበት ይሄዳል፤ ረቡዕንና ሐሙስን በቅርብ ያሉትን ደንበኞቼን ብቻ አዳረስኩበት፣ የራቁትን በባጃጅ ላክሁ።

የገዛሁበት ሱቅ ስደውል ሰውየው ባትሪውን ሳያይ፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቀኝ፣ «ሞቷል፤ አዲስ ላስመጣልሽ?» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ከብስክሌቱ ዋጋ ግማሽ ይበልጣል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል አለው። የእሱም 48 ቮልት ነው፣ የቻርጀሩም ጫፍ ልክ ይገባል። «በእኔ ቻርጀር እንሞክረው» ይለኛል። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ? አዲስ ከመግዛቴ በፊት የምመረምረው ነገር ካለ ንገሩኝ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

አብሽሪ እታለም። ከሃያ ዓመት በላይ ደሴ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ኖሬያለሁ። አሁን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የሚበዛው ባትሪ ነው። ሳይለኩት ሞተ የሚባል ባትሪ ያናድደኛል። ተለክቶ ሞቶ ከተገኘ ሞቷል፤ ሳይለካ ግን ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

መጀመሪያ የጎረቤትሽን ልጅ ቻርጀር በሚመለከት፦ እንዳታደርጊው። 48 ቮልት የሚለው የመጠሪያ ቁጥር ነው። እንደ አንቺ ያለ ባለ 48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ 13 የሴል (የትንንሽ ባትሪ) ረድፎች ተቀጣጥለው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ በ13 ስታባዢው 54.6 ቮልት ነው። የቻርጀርሽን ጀርባ አንብቢ፣ ይህን ቁጥር ታገኚዋለሽ። ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ አራት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው የሚይዙት። የእነሱ ቻርጀር እስከ 58 እና 59 ቮልት ይወጣል። 58.8 ቮልት ለ13 ብታካፍዪው ለአንዱ ከ4.5 በላይ ይደርሰዋል። ሊቲየም ሴል ያንን አይችልም፤ ይጎዳል፣ ይሞቃል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ባትሪው ውስጥ ይህን የሚከላከል ጠባቂ ሰሌዳ አለ ይሉሻል። አለ፤ ነገር ግን አሁን ሰሌዳው ጤነኛ መሆን አለመሆኑን አናውቅም። ያላወቅነውን ዘበኛ አምነን በሩን አንከፍትም።

ሁለተኛ፣ አረንጓዴው መብራት። ቻርጀሩ ባትሪው ምን ያህል እንደሞላ አያይም። የሚያየው ከእሱ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፍሰት ማነሱን ነው። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ቢቆም፣ ቱቦው ታጥፎ ውሃው ቢቆም፣ የውሃ ቆጣሪው ያው መዞሩን ነው የሚያቆመው። አረንጓዴም እንደዚሁ ነው። ወይ ሞልቷል፣ ወይ መንገዱ ተቋርጧል። ያንቺ እንዳልሞላ እናውቃለን።

ስለዚህ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተዋሺ፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ዘንድ አይጠፋም። ቀጥታ ፍሰት ላይ፣ ከ60 ቮልት በላይ የሚያነብ ቦታ ላይ አድርጊው። ሦስት ነገር ለኪልኝ። አንደኛ፣ ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰክተሽ ከባትሪው ሳታገናኚ የጫፉን። ሁለተኛ፣ ባትሪው ብስክሌቱ ላይ ሲገባ የሚነክሳቸውን ሁለቱን ወፋፍራም ብረቶች። ሦስተኛ፣ የባትሪውን የቻርጅ ቀዳዳ። ከመጀመርሽ በፊት ቀለበትና አምባር አውልቂ፤ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቂ። በዚህ ቮልት የሚያስፈራኝ መያዙ አይደለም፤ ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ የሚወጣው ብልጭታ ነው፣ ብረት ያቀልጣል።

ቁጥሮቹን ጻፊና ላኪልኝ። እስከዚያ ምንም አትክፈቺ።


የሐይቁ መምህር

የእኔም ቻርጅ አልወስድ ብሎ ስለነበር የደረሰብኝን ልንገርሽ። አምና ትምህርት ሲዘጋ ብስክሌቴን ባዶ አድርጌ መጋዘን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰኔ ገባ፣ መስከረም ወጣ። ጠባቂው ሰሌዳ ራሱ ቀን ከሌት ትንሽ ትንሽ ይመገባል፤ ያን ጊዜ አላወቅሁም። ስለካው 28 ቮልት ሆኖ አገኘሁት። ለ13 ሲካፈል ለአንዱ 2.15 ቮልት ነው። ሰሌዳው ቻርጅ አልቀበልም ማለቱ ልክ ነበር። ሴል ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ ሲከርም በውስጡ ያለው መዳብ ሊሟሟ ይችላል፤ በኋላ በግድ ሲሞላ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ተመልሶ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ያገናኘዋል። የሚቃጠሉት እንደነዚህ ያሉት ናቸው። እኔም ጨክኜ ተውኩት።

ያንቺ ሳይነቀነቅ የከረመ አይደለምና እንደ እኔ እንደማይሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ግን የለካሽው ከ32 ቮልት በታች ከመጣ ማንም «አነቃልሻለሁ» ቢልሽ አትስጪው።


ባለእንጀራዋ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ እርስዎም። ለክቻለሁ።

አምባሬንም ቀለበቴንም አውልቄ፣ ባትሪውን በደረቅ ጣውላ ላይ አስቀመጥኩት። የቴስተሩ ባለቤት ራሱ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ እኔ ግን ራሴ ልለካ ብዬ ለመንኩት። የቻርጀሩ ጀርባ እንዳሉት 54.6 ይላል፣ 2 አምፔር ተብሎም ተጽፎበታል። ስለካው 54.5 መጣ። ወፋፍራሞቹ ብረቶች 45.5 መጡ። ሦስተኛው ላይ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የቻርጅ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ መርፌ የመሰለች ብረት አለችው። ቀዩን እሷ ላይ፣ ጥቁሩን ከጠርዙ አሳረፍኩ። 0። በደንብ አልነካሁም ብዬ ደግሜ ደጋግሜ ለካሁ። 0.0 ነው። ሰውየውም ተቀብሎኝ ሞከረ፤ ያው ዜሮ ሆነ።

ዜሮ ሲል ልቤ ወደቀ። ሞቷል ማለት ነው?


ወልድያዊው

እህቴ፣ አይዞሽ፣ ቀላል ነው። ወፋፍራሞቹ ብረቶች ላይ ቮልቱ ካለ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። የቻርጀሩን ጫፍ ቁረጪና ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ እነዚያ ብረቶች ላይ አገናኚያቸው፤ ይሞላል። እኔ በጓደኛዬ ባትሪ አድርጌዋለሁ፣ ሠርቷል።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

እታለም፣ ልብሽን መልሺው። ዜሮው የምሥራች ነው።

45.5 ለ13 ሲካፈል ልክ 3.5 ቮልት ይመጣል። ይህ የተራበ ባትሪ ነው እንጂ የሞተ አይደለም። ቻርጀርሽም ጤነኛ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር መንገድ ናት የተቆረጠችው፦ ከቻርጅ ቀዳዳው እስከ ጠባቂው ሰሌዳ። እዚያች መንገድ ላይ ያሉት ተጠርጣሪዎች ቀዳዳው ራሱ፣ ሽቦው፣ ፊውዙ፣ መጨረሻም የሰሌዳው መግቢያ ናቸው። ሰሌዳው ቢዘጋው ኖሮ ብዙ ጊዜ ጥቂትም ቢሆን ቮልት ይነበባል። ድርቅ ያለ ዜሮ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፊውዝና ሽቦ ነው። ከዝናቡ ማግሥት መሆኑም ወደዚያ ያመለክተኛል። የቀዳዳው የላስቲክ ክዳን አለ ወይስ ተቆርጧል?

ወልድያ ያለኸው ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይህን ምክርህን አንሣው። በብዙ ባትሪዎች የመሙያውና የመጠቀሚያው መንገድ ለየብቻ ነው። ሲሞላ በቃ ብሎ የሚያቆመው ዘበኛ በመሙያው መንገድ ላይ ነው የቆመው። በመጠቀሚያው በኩል ስታስገባው ዘበኛውን በጓሮ አልፈኸዋል። ከ13ቱ አንዱ ቀድሞ ሞልቶ ከ4.2 ቢያልፍ የሚያስቆመው የለም፤ ቻርጀሩ ድምሩን እንጂ እያንዳንዱን አያይም። የጓደኛህ ሠራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእሷ ግን እንጀራ ቤት ውስጥ፣ ዱቄትና ማገዶ ባለበት የሚሰካ ነው።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘም በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት አታስጠግኚው። ያው ቁጥር ያለው ፊውዝ ይገባበታል፤ ግን መጀመሪያ ለምን እንደተቃጠለ ይታወቅ። ኮምቦልቻ በሊድ መበየድ የሚያውቅ፣ ባትሪ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ ለእሱ ስጪ። ካጣሽ ደሴ አምጪልኝ፤ ከአንቺ ፊት ነው የምከፍተው።


የሐይቁ መምህር

ወደ ደሴ የምትወጪ ከሆነ በብስክሌቱ እንዳትሞክሪው። የፊዚክስ መምህር ነኝና ሒሳቡን ልሥራልሽ። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አንቺና ብስክሌቱ አንድ ላይ 120 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያን ያህል ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 200 ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህ የጎማውን ሰበቃ፣ የነፋሱንና የሞተሩን ብክነት ሳይጨምር ነው። ባትሪሽ ሙሉ ሲሆን 48 ሲባዛ በ15፣ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል። አሁን የቀረው ከዚያ በጣም ጥቂቱ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ጥሎሽ ይቀራል። ባትሪውን ብቻ ነቅለሽ በመኪና ሂጂ፤ ወፋፍራሞቹን ብረቶች በናስትሮ ጠቅልያቸው፣ ቁልፍም ሳንቲምም ካለበት ቦርሳ አትክተቺው።


ባለእንጀራዋ (ኮምቦልቻ)

አልሐምዱሊላህ፣ የሆነውን ሁሉ ልጻፍላችሁ።

ክዳኑ ተቆርጧል። ከጠፋ ቆይቷል፣ ቁም ነገር መስሎኝ አያውቅም ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ጋግሬ ጨርሼ፣ ልጄን ለማድረስ ትቼ፣ ባትሪውን በፎጣ ጠቅልዬ ታቅፌ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎን ስንወጣ ጉም ነበር፤ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ነው የሄደው። ጋሼ ቤት ስደርስ ቡና እየተፈላ ነበር፣ ሳልጠጣ አላስቀመጡኝም። ቶናው ላይ ነው የከፈቱት።

ስድስት ቡሎን በካቻቢቴ ፈቱ። ክዳኑን ሳያነሡ መጀመሪያ አሸተቱት። ከዚያ የቻርጅ ቀዳዳውን ከኋላ በኩል ገለበጡልኝ። እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል፤ የቆየ የመዳብ ጀበና ጠርዝ ላይ እንደሚታየው ያለ። ቀዩ ሽቦ በጣታቸው ገና ሲነኩት ተላቀቀ። ተላቆም ኖሮ ነው፤ የሽፋኑ ላስቲክ ብቻ ነበር የያዘው። የተራቆተው ጫፉ ጥቁሩ ሽቦ ወደታሰረበት እግር ጎንበስ ብሎ፣ ሁለቱ የተነካኩበት ቦታ ጠቁሯል። ከዚያ ሽቦውን እየተከተሉ ወደ ውስጥ ሲሄዱ እንደ መኪና ፊውዝ ያለች፣ ጥፍር የምታክል ቀይ ነገር አወጡ። 10 ተብሎ ተጽፎባታል። በመስኮቱ ብርሃን አንሥተው አሳዩኝ፤ በውስጧ ያለችው ቀጭን መስመር መሃሏ ላይ ተበጥሳለች።

ዝናቡ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብየዳውን በላው፣ ሽቦው ተላቆ ከወንድሙ ጋር ተነካካ፣ ፊውዟም ቀድማ ተቃጠለች። እሷ ባትኖር ያ ሁሉ ጉልበት በዚያች በተራቆተች ሽቦ ላይ ይፈስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ግድግዳውን ተሻግሬ ተኝቼ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ለአፍታ ዝም አልኩ። ፊውዟን ጠይቄ ወሰድኳት፣ መሶቤ ሥር አስቀምጫታለሁ።

ጋሼ ወዲያው አልበየዱም። ሰሌዳው ላይ የተሰኩ አሥራ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለት ሁለቱን እየተከተሉ 13ቱንም ለኩ፤ እኔ ቁጥሩን በልጄ ደብተር ጻፍኩ። አሥራ ሁለቱ ከ3.49 እስከ 3.51 መጡ፣ ሰባተኛው ብቻ 3.47። «ይህ ወንድማማች ነው» አሉኝ። አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ወርዶ ቢገኝ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ከዚያ አዲስ ቀዳዳ አስገቡ፣ ሽቦውን በካውያና በሊድ በየዱ፣ በየእግሩ የራሱን ሽፋን አለበሱት፣ ዙሪያውን ሲሊከን ቀቡት፣ ባለ 10 ፊውዝ ተኩ። ለጠፋው ክዳን ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጠው ሠሩልኝ፤ ከዋናው ይበልጥ ጠብቆ ይይዛል። ስለኩት ቀዳዳው 45.4 አነበበ። ቻርጀሩን ሰኩ። ቀይ በራ፣ ማራገቢያውም ጮኸ። ያን ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ።

የተቀበሉኝ ገንዘብ ሱቁ ከጠራው ዋጋ ጋር አይወራም። ለመንገዴ ደግሞ ዳቦ ቋጠሩልኝ።


ጦሳ ሥር (ደሴ)

እንጀራሽን ስላመጣሽልን እኛም እናመሰግናለን፤ ልጆቹ እስከ ማክሰኞ አላደረሱትም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ስታወሪኝ ቻርጀሩን ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ጋር በአንድ ማከፋፈያ እንደምትሰኪው ሰምቻለሁ። ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ቻርጀርሽ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፣ ነገር ግን በምጣዱ ምክንያት የጋለ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ያድራል። ምጣዱ የራሱ የግድግዳ ሶኬት ይኑረው፣ ቻርጀሩም የራሱ። ባትሪውን ከዱቄቱ አርቀሽ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጪው፤ ከረሰ ሳይደርቅ አትስኪው። ከሰዓት በኋላ እቤት ስትሆኚ፣ ዓይንሽ እያየው ቢሞላ ደግሞ እመርጣለሁ።


ወልድያዊው

ጋሼ፣ ምክሬን አንሥቻለሁ። ለጓደኛዬም ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ ባትሪውን ይዞ ሊመጣ ነው። ቅዳሜ ይኖራሉ?


ጦሳ ሥር (ደሴ)

አለሁ ልጄ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ኑ። ቻርጀሩንም ይዞ ይምጣ።


ባለእንጀራዋ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ የምጣዱን ሶኬት ትናንት አስለየሁ። ቻርጀሩም አሁን በረንዳው ሲሚንቶ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው። ለቀን የሚበቃ ፋታ ስላላገኘሁ ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰክቼው እህቴና እኔ ተራ ገብተን እያየነው አደርን። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፍቶ መጣ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ስወጣ ቻርጀሩ አረንጓዴ ሆኗል። አላመንኩትም። የራሴን ቴስተር ገዝቻለሁና ነቅዬ ለካሁት፦ 54.3።